ከደጅ የበረደ ቤት

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነበር። በአንድ እጄ የስልኬን መብራት ይዣለሁ። በሌላው ጋቢዬን አንገቴ ሥር ጨብጫለሁ። ለተክሎቼ የሠራሁት የላስቲክ ቤት ውስጥ የሰቀልሁትን ቴርሞሜትር አነበብሁ። 1 ዲግሪ ይላል። ወጥቼ አጥሩ ላይ ያሰርሁትን አየሁ። 2 ዲግሪ። ተመልሼ ገባሁ። አሁንም 1።

መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ብዬ አሰብሁ። ሁለቱም የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ዕቃ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከተማሪዎቼ ይበልጣል። ስለዚህ አቀያየርኋቸው። የውስጡን ወደ ውጭ፣ የውጩን ወደ ውስጥ። እግሬን እያማታሁ ዐሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ከዚያ አነበብሁ። ውጭ 2፣ ውስጥ 1።

ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ፓፓያዎቹም የሆኑትን ሆነዋል። ያቺ አንድ ዲግሪ ግን እስካሁን አልለቀቀችኝም። ሰው ቤት የሚሠራው ከደጅ እንዲሻለው ነው። እኔ ሦስት ቅዳሜና እሑድ ለፍቼ፣ የደመወዜን ሲሶ አውጥቼ፣ ከደጅ የሚበርድ ቤት ሠራሁ። ይባስ ብሎ ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው።

## የእናቴ ካርቶን

የምኖረው ሮብ ገበያ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሲወጣ። የተወለድሁት ደግሞ ዓባይ በረሃ፣ ከደጀን ቁልቁል። ጎጃም ሲባል ጤፍና ብርድ ብቻ የሚመስለው ሰው አንድ ቀን ከደጀን ወደ ድልድዩ ይውረድ። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ሹራቡን ያወልቃል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይለወጣል። ከእናቴ ጓሮ እስከ እኔ ጓሮ ያለው የከፍታ ልዩነት፣ ስልኬ እንደሚለው፣ ከ1,500 ሜትር ይበልጣል። እሷ በነጠላ በምትቀመጥበት ሰዓት እኔ ጋቢ ላይ ካፖርት ደርቤ ነው።

እዚህ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ። ድንቹም የገብስ ቆሎውም ተስማምቶኛል። ያልለመድሁት ፓፓያ ማጣትን ነው። በልጅነቴ ፓፓያ ከዛፍ ወድቆ ዶሮ የሚጫወትበት ነገር ነበር። አሁን ከደብረ ማርቆስ ገበያ እንደ ሕፃን ታቅፌ አመጣዋለሁ። ያም ሆኖ ግማሹ መንገድ ላይ ይላሽቃል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ? እኔንም እንደዚያ።

ይህን አንድ ቀን በስልክ ለእናቴ ነገርኋት። በሚያዝያ ልትጠይቀኝ ስትመጣ አምስት የፓፓያ ችግኝ፣ አራት ቡናና አንድ ሎሚ ይዛ መጣች። በጣሳና በፌስታል ተክላ፣ በካርቶን ደርድራ፣ መኪና እየቀያየረች። ረዳቱ ካርቶኑን ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢላት "አንተ ተጫን" ብላዋለች። ጭኗ ላይ አድርጋው ነው የገባች።

"ይሄ አገር ያበቅልልሃል?" አለችኝ ጓሮዬን እያየች።

"ይሞከራላ፣ እማዬ።"

ጎረቤቴ ከካቡ ማዶ ሆነው ሰሙን። አያ ነው የምላቸው። ድንችና ገብስ አራሽ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። "መምህር፣ በዚህ ከምትለፋ እንደኔ አፕል ብትተክል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አፕል በቂ ብርድ ካላገኘ በወጉ አያብብም። ብርዱ ሲጠና እኔ እጄን አሻሻለሁ፤ እሳቸው አፕላቸውን አይተው ደስ ይላቸዋል። በመካከላችን ያለው አንድ ካብ ነው። አንድ ብርድ ለአንዱ ቀለብ፣ ለሌላው ጠላት።

## ክረምቱ አዘናጋኝ

ስስ ተክልን ከብርድ ስለማዳን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከበረዶ አገር የመጣ ነው። እዚያ ክረምት ማለት በረዶ ነው። ተክሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ማሞቂያ ይለኮሳል፣ ጸደይ እስኪመጣ ይጠበቃል። የእኛ ክረምት ሌላ ነው። ቀኑ ይጨፈግጋል እንጂ ሌሊቱ ያን ያህል አይጨክንም። ደመናው እንደ ባና ተደርቦ ያድራል። ምድር ቀን የያዘቻትን ትንሽ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ስትለቅ፣ ደመናው ተቀብሎ መልሶ ይሰጣታል።

ስለዚህ ሦስቱ ፓፓያዎች ክረምቱን ሲያልፉ የረታሁ መሰለኝ። ሁለቱ ሞተዋል። የገደላቸው ግን ብርድ ብቻውን አልነበረም። ፓፓያ ሥሩ ላይ ውሃ ሲቋጥርበት አይወድም። ጭቃው ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። ነቅዬ ሳየው ሥሩ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ልሟል። ከዚህ አንድ ትምህርት ያዝሁ፤ ውሃ ጠላት ነው። ትምህርቱ ግማሽ እውነት ነበር። በኋላ ያስከፈለኝም ግማሽነቱ ነው።

የደጋ ብርድ የሚመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ደመናው ይሄዳል፣ ሰማዩ ይጠራል። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሲመሽ ያ ሁሉ ሙቀት የት እንደገባ አይታወቅም። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ዝም ብሎ አይደለም። የበረዶ አገር ሰው ብርዱን በዓመት አንድ ጊዜ ለወራት ያሳልፈዋል። እኛ በየሌሊቱ እናሳልፈዋለን። ቀን ሸሚዝ፣ ማታ ጋቢ።

የላስቲክ ቤቱን የሠራሁት በዚያው ሰሞን ነው። አራት ሜትር በሦስት። ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ፤ ልባሱ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ፣ ከደብረ ማርቆስ በሜትር የገዛሁት። ቦታውን ስመርጥ ነፋስን ፈራሁ። ስለዚህ የጓሮዬን ታችኛውን ጥግ፣ ካቡ ሥር ያለውን መረጥሁ። ችግኞቹን እስከዚያ በማዳበሪያ ከረጢት ነበር ያቆየኋቸው። ከረጢቱን ቀድጄ መሬት ላይ ተከልኋቸው። በላስቲኩና በእንጨቱ መካከል ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወተፍሁ። መሬቱን የገብስ ገለባ በወፍራሙ አለበስሁት፤ እግራቸው እንዳይበርዳቸው። ውሃውን አቆምሁ። ጨርሼ ስቆም፣ እውነት ለመናገር፣ ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ልኬላታለሁ።

አያ መጥተው ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። "ጥሩ ነው" አሉ። ትንሽ ቆዩና "ግን ላስቲክ ዝናብ ነው የሚመልስ። ብርድ አይመልስም" አሉ። ሊሄዱ ከዞሩ በኋላ ደግሞ "ጎድጓዳው ላይ ሠራኸው። ብርድ እንደ ውሃ ነው፤ ወደ ታች ነው የሚወርድ" አሉ።

ፈገግ አልሁ። ያ ፈገግታ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ግሪንሃውስ እንዴት ሙቀት እንደሚይዝ ክፍል ውስጥ የማስረዳ ሰው ነኝ እኮ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ ተምሬም ነበር፣ ጠምጥሜም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ችግር የቀኑ ሙቀት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት በሩን ሳልከፍት ትምህርት ቤት ሄድሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ስመለስ ውስጡ 41 ዲግሪ ደርሶ የቡናው ቅጠል ዳር ዳሩን ተጠብሷል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሩን መክፈት የግቢያችን ልጆች ሥራ ሆነ። በነጻ አይደለም፤ በብስኩት ነው።

## ኅዳር 12

እናቴ ለኅዳር ሚካኤል መጣች። ማታ እንደ ወጉ ሰፈሩ ታጠነ። ሁሉም በየደጁ ቆሻሻውን ሰብስቦ ለኮሰ። እኔና እናቴም የአጥር ጥራጊያችንን አነደድን።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አየሁ። አየሁ እንጂ አላነበብሁትም። ጭሱ ቀጥ ብሎ ትንሽ ወጣና ቆመ። ከዚያ በጎን ተዘረጋ። በሰፈሩ ላይ እንደ ጣሪያ ሆነ። ደስ ይል ነበር። እናቴ "እንዴት ያምራል" አለች። እኔም "ያምራል" አልሁ።

ጭስ እንደዚያ የሚዘረጋው ከላይ ያለው አየር ከታችኛው ሲሞቅ ነው። እኛ የቆምንበት አየር ቀዝቅዞ መሬት ላይ ተኝቷል ማለት ነው። ይህን አስተምራለሁ። በፈተና ላይም ጠይቄዋለሁ። ሰማይ ራሱ ሥዕሉን ሥሎ ሲያሳየኝ ግን ያምራል ብዬ ገባሁ።

አያ ካቡ ላይ ተደግፈው ወደ ላይ አዩ። "ነፋስ የለም። ኮከቡም በዛ" አሉ። "ዛሬ ውርጭ ይጥላል።"

ጭንቀት ስለገባኝ ነው በዚያ ሌሊት የተነሣሁ። የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ቴርሞሜትሮቹን ቀያይሬ ያው መልስ ሲመጣ፣ በሩ ላይ አንድ እግሬን ውስጥ፣ አንድ እግሬን ውጭ አድርጌ ቆምሁ። ፊቴ ላይ ሁለት ዓይነት ብርድ ይሰማኝ ነበር ብል ይጋነናል። አንድ ዲግሪ በፊት አይለይም። ግን አእምሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ተናግቷል። ብርድ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ፣ እንዴት ከውጩ የበለጠ ብርድ ውስጥ ይገኛል? ሌባ ቤቴ ገብቶ ከያዘው በላይ ጥሎ ሄደ እንደማለት ነው።

ብቻዬን፣ በዚያ ሌሊት፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። የሚያስቀው ነገር፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ተመልሼ ብተኛ ኖሮ አንድ ዲግሪ አተርፍ ነበር። ግን ሰው ሲደነግጥ በር አይከፍትም። በር ይዘጋል። እኔም ዘጋሁና ከሰል ፍለጋ ወደ ማድ ቤት ሄድሁ።

የቡና ምድጃውን ሞላሁት። አቀጣጥዬ፣ ፍም ሳይሆን፣ ገና እየተንጣጣ ላስቲኩ ቤት መካከል አስቀመጥሁት። በሩን በጨርቅ ወተፍሁ። ሣጥን ገልብጬ ተቀመጥሁ። ቴርሞሜትሩ መውጣት ጀመረ። 2 አለ። 3። 4 ላይ ሲደርስ ደስ አለኝ። ራሴን ትንሽ ይከብደኝ ጀመር፤ እንቅልፍ ነው አልሁ። 5 ላይ ጉልበቴ ልፍስፍስ አለ፤ ሙቀቱ ተስማምቶኝ ነው አልሁ። ሁሉም ነገር ደኅና የሆነ መሰለኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እናቴ ለሽንት ወጥታ ነው ያዳነችኝ። ላስቲኩ ከውስጥ ቀልቶ አየችው። የተቃጠለ መስሏት ሮጠች። በሩን ስትገነጥለው ትዝ ይለኛል፤ ክንዴን ይዛ ስትጎትተኝ ግን ትዝ አይለኝም። ሣሩ ላይ ተንበርክኬ አስመለሰኝ። አጠገቤ ቆማ ትንቀጠቀጣለች።

"ከሰል አፍነህ ትቀመጣለህ? አንተ ነህ ደግሞ አስተማሪ?"

ምን እላታለሁ? ብርድ በገባ ቁጥር ለተማሪዎቼ የምናገረውን ነው የተናገረችኝ። ከሰል አስገብታችሁ እንዳትተኙ እላለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የላስቲክ ቤቱን ግን እንደ ቤት አልቆጠርሁትም። ጓሮ ነው፤ በላስቲክ ውስጥ ሰው አይታፈንም ብያለሁ። ለሙቀቱ ቤት ነው አልሁ፣ ለጭሱ ደጅ ነው አልሁ። የሆነው ተገላቢጦሽ ነው። ለሙቀቱ ደጅ፣ ለጭሱ ቤት ሆኖ አገኘሁት።

ሲነጋ እናቴ ከደጃፉ ቆማ ወደ ግጦሹ አየች። ሣሩ ሁሉ ነጭ ነው። የቆላ ሰው ናት፤ አመዳይ በዓይኗ አይታ አታውቅም።

"ማነው ጨው የበተነበት?" አለች።

ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። ቀመሰችው። "ውሃ ነው" አለች፣ ገበያ ላይ እንደተታለለ ሰው።

## ሦስቱ ደግነቶቼ

ፀሐይ ሲወጣ ሁሉም ታየ። አራቱም ቡናዎች እስከ ቀትር ጠቆሩ። የፓፓያዎቹ ቅጠል እንደ ተቀቀለ ጎመን ግንዱ ላይ ተንጠለጠለ። ሎሚው ቅጠሉን እንደያዘ ነበር፤ በሳምንቱ ግን አረንጓዴውን ቅጠል ማርገፍ ጀመረ። ለዚህ የከሰሉ እጅ አለበት። በደንብ ያልነደደ ከሰል ኢትሊን የሚባል ጋዝም ይለቃል። ሙዝ የሚያበስለው ጋዝ ነው። ቅጠል ላይ ሲያርፍ ያረጀ ይመስለዋል፤ ይረግፋል። ስለዚህ እኔን ሊገድል የነበረው ምድጃ ተክሎቹንም አልጠቀመም። ከሦስቱ ፓፓያ ሁለቱ ግንዳቸው ለሰለሰና ወደቁ። አንዱ አናቱ ጠቁሮ፣ ታችኛው ግንዱ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የማሰብ ነው። ሰው ክፍል ውስጥ አስረድቶ ሲጨርስ ነገሩን ያወቀው ይመስለዋል። እኔ ለዐሥራ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ "ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ የሙቀት መጉደል ነው" ብዬ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ጓሮዬ ውስጥ ግን የምሠራው ብርድ የሚባል አውሬ ከጮቄ ወርዶ በቀዳዳ እንደሚገባ አድርጌ ነበር። ሥራዬ ሁሉ የመከልከል ሥራ ነው። መወተፍ፣ መሸፈን፣ መዝጋት። አንድም ሰዓት ተቀምጬ፣ ውስጥ ያለው ሙቀት በየት ይወጣል ብዬ አልጠየቅሁም።

የሚወጣው በሰማይ ነበር። በጠራ ሌሊት መሬትም፣ ቅጠልም፣ ጣሪያም ሙቀታቸውን ወደ ላይ ይለቃሉ፤ የሚመልስ ደመና የለም። መስታወት ቢሆን ይህን ሙቀት አያሳልፍም። የእኔ ስስ ላስቲክ ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ለሰማዩ እንደሌለ ነው የሚቆጠር። አያ "ላስቲክ ብርድ አይመልስም" ሲሉ ይህን ነበር ያሉት፤ በሌላ ቃል።

እሺ፣ ይሄ ከደጅ እኩል መብረዱን ያስረዳል። ከደጅ መብለጡስ? እዚህ ላይ ነው ደግነቶቼን አንድ በአንድ የቆጠርኋቸው።

ቀዳዳውን ሁሉ ወተፍሁ። ውጭ ያለው አየር ነፋስ የለም ቢባል እንኳ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ከላይ ካለው ሞቃት አየር ጋር ይነካካል። ጭሱ የተዘረጋበት ያ ሞቃት አየር ጥቂት ሜትር ከራሴ በላይ ነበር። የእኔ ቤት ውስጥ ያለው አየር ግን ታስሮ፣ ከማንም ሳይነካካ፣ ብቻውን ቀዘቀዘ።

ገለባ አለበስሁ። ፀሐይ ቀን መሬቱን ልታሞቅ ስትመጣ ገለባው ከላይ መለሳት። ሌሊት ደግሞ መሬቱ ያለችውን ትንሽ ሙቀት ሊሰጥ ሲል ገለባው ከታች መለሰው። በሁለቱም በኩል በር ዘጋሁበት። ብርድ ልብስ ያለበስኋቸው መስሎኝ፣ ምድጃቸውን ነው በብርድ ልብስ የሸፈንሁባቸው።

ውሃ አቆምሁ። እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል፣ ወደ ጥልቁም ያሳልፋል። ደረቅ አፈር በአየር የተሞላ ነው፤ ላዩ ብቻ ይግልና ማታ ቶሎ ይበርዳል። የክረምቱ ጭቃ ስላስደነገጠኝ ከጭቃ ወደ አቧራ ዘለልሁ። በመካከል "እርጥብ" የሚባል ነገር እንዳለ ረሳሁ።

ከነዚህ ሁሉ በላይ ቦታው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከዳገቱ ይወርዳል፤ ጎድጓዳ ሲያገኝ ይተኛል። ካቡ ደግሞ ግድብ ሆነለት። ከነፋስ ለመከላከል ብዬ ኩሬው ውስጥ ሠራሁት። ለካ እነአያ ድንቻቸውን ዳገቱ ላይ የሚተክሉ መሬት አጥተው አይደለም።

ይህን ሁሉ ስጽፈው የሚገርመኝ፣ አንዱም ስሕተቴ የስንፍና አለመሆኑ ነው። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ቀዳዳው ክፍት ይቀር ነበር፣ ገለባውም አይመጣም ነበር። ቡናዎቹም ያን ሌሊት ያድሩ ይሆናል።

## ጀሪካን

እናቴ በማግሥቱ ስትሄድ መኪና ተራ ላይ ቆመን አንድ ነገር አለችኝ። ሌሊት የተናደደችው ገና አልበረደላትም።

"አንተ ጋቢ ላይ ካፖርት ትደርባለህ። ለእሱ አንድ ላስቲክ ብቻ አለበስኸው።"

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ የሠራሁት ይህን ነው። በላስቲኩ ውስጥ፣ ከተክሎቹ ራስ ትንሽ ከፍ አድርጌ ሽቦ ወጠርሁ። ማታ ማታ ያረጀ አንሶላና የተተረተረ የማዳበሪያ ከረጢት እዘረጋበታለሁ። ጨርቅ እንደ ላስቲክ አይደለም፤ ከታች የሚመጣውን ሙቀት ተቀብሎ ይመልሳል። የእኔ ትንሽ ደመና ነው። ጠዋት ይሰበሰባል።

ካቡን በታችኛው በኩል አንድ ክንድ ያህል ከፈትሁት፤ ብርዱ ወደ ገደሉ ይውረድ ብዬ። አያ ድንጋዩን አብረውኝ አነሡ። "ብዬህ ነበር" አላሉም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ገለባውን ለላማቸው ሰጠኋቸው። መሬቱ ራቁቱን ነው አሁን። ሰማዩ የሚጠራ ሲመስለኝ ጠዋት አጠጣለሁ፤ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ እንድታገኘው።

ከዚያ ጀሪካኖቹ መጡ። ባለ20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ 16። ግማሹን ገዛሁ፣ ግማሹን ለመንሁ። ውሃ ሞልቼ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ደረደርኋቸው። ጥቁር ቢሆኑ ፀሐይ የበለጠ ይይዛሉ፤ ቀለም ደግሞ ውድ ነው። እናቴን በስልክ ባማክራት "የምጣድ ጥላሸት ምን አለው?" አለች። የተረፈ ቀለም ውስጥ ጥላሸት በጥብጬ ቀባኋቸው። እጄ ለሁለት ሳምንት አልለቀቀም። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ መካኒክ ጀመሩ እንዴ?" አሉኝ።

ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ከእነሱ ጋር ሠራነው። 320 ሊትር ውሃ አለ። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4.2 ኪሎጁል ይለቃል። ቀን 20 ዲግሪ የደረሰው ውሃ እስከ ንጋት ወደ 10 ቢወርድ 13,440 ኪሎጁል ይሆናል። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ "ይሄ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?" አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሠራነው። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ከሰል የሚሰጠው ሙቀት ነው። ሰሌዳው ላይ ያንን ቁጥር አይቼ ትንሽ ዝም አልሁ። ያን ሌሊት ምድጃው ላይ የደረደርሁት ከዚያ ብዙ አይበልጥም ነበር። ልዩነቱ ጀሪካኑ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይሰጣል፤ ማንንም አያፍንም። ልጆቹ ለምን ዝም እንዳልሁ አላወቁም። ዘንድሮ እነግራቸዋለሁ ብዬ አስቤአለሁ፤ ከነማስመለሴ።

ባለፈው ዓመት ከሁሉም የከፋው ሌሊት በታኅሣሥ መጣ። ሣሩ ነጭ ነበር። ቴርሞሜትሬን ይዤ ወጣሁ። አጥሩ ላይ 1። ከአንሶላው ሥር 5። አላመንሁም። አቀያየርኋቸው። ዐሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ያው ነው። ገብቼ ተኛሁ።

ያቺ አናቷ የጠቆረ ፓፓያ ከታችኛው ግንዷ አቆጥቁጣ ዳነች። ያኔ "እሷ" ነበር የምላት። ቅጠሏ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ላስቲኩን እስኪነካ አደገች። በነሐሴ አንድ ቀን ከቅጠሎቹ ብብት ረጃጅም ቀጫጭን ዘንግ ወጣ። ዘንጉ ላይ ትንንሽ ነጫጭ አበቦች ተንዠረገጉ። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

ወዲያው ደወለች። ትስቃለች። መናገር እስኪያቅታት ትስቃለች።

"ምነው?"

"ልጄ፣ ይሄማ ወንዴ ነው።"

ፓፓያ እንዲህ ነው፤ ችግኝ ሳለ ወንዱ ከሴቱ አይለይም። ሲያብብ ነው የሚናገር። ሴቴዋ አበባዋን ግንዷ ላይ ለጥፋ ነው የምታወጣው። እንደዚያ በረጅም ዘንግ የሚያንጠለጥለው ወንዱ ነው፤ ፍሬ አይሰጥም። ሁለት ዓመት፣ አንድ ላስቲክ ቤት፣ 16 ጀሪካንና አንድ ለሞት የቀረበ ሌሊት ያወጣሁበት ዛፍ ፍሬ አይሰጥም።

"ልንቀለው?" አልኋት።

"ኧረ ተው! ሴቶቹ ሲመጡ ማን ያስረግዛቸዋል?" አለች። "በሚያዝያ ዐሥር አድርጌ አመጣልሃለሁ። አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት ሦስት ትተክላለህ። ወንድነታቸው የለየውን ያኔ ትነቅላለህ። ይሄንን ግን እንዳትነካው።"

አሁን ጥቅምት ገብቷል። ትናንት ማታ አንሶላውን ስዘረጋ ያ ወንድ ፓፓያ ሽቦውን አልፎ ወጥቷል። ሽቦውን ሁለት ክንድ ከፍ ማድረግ አለብኝ። አያ ቤት ደግሞ ሦስት ባዶ ጀሪካን አይቻለሁ። ቅዳሜ እጠይቃቸዋለሁ።